የዱቄቱ መሃል

ሰው ሲያሞግሰኝ አልወድም፤ ታላቅ እህቴ ግን መቼ ትሰማኛለች። ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ደወለችልኝ። "ለነርሶቹ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ" አለችኝ። "የሚገባልኝን የዳሌ ብረት የለካው ወንድሜ ነው፣ ምን ያስፈራኛል ብያቸዋለሁ።" ስድስት ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ትገባለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታነክስ ከርማ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ እኔም ሳቅሁ።

ሥራዬ ይኸው ነው። የዳሌው ብረት አጥንት እንዲይዘው በላዩ ላይ የቲታኒየም ዱቄት ይረጭበታል። ረጪው ባልደረባዬ ዱቄቱን በነበልባል ውስጥ ይለቀዋል፤ ዱቄቱ እየቀለጠ በርሮ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ፣ "ዓይኑ" በምንለው መለኪያ፣ ዱቄቱ ገና በአየር ላይ ሳለ ሙቀቱንና ፍጥነቱን አነባለሁ። ከአንድ ሺህ ሰባት መቶ ዲግሪ ካነሰ አልቀለጠም ማለት ነው፤ ያልቀለጠ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይረግፋል። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጡ መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጥፈውልኝ ነበር፤ "መሃሉን ያዝ" ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ይዣለሁ።

አምስት ሰዓት ገደማ ረጪው ሻዩን እየጠጣ፣ "ዱቄቱን የሚገፋውን ጋዝ ከፍ ካደረግሁት ወዲህ ቱቦው መደፈኑን ተወ" አለኝ።

"መቼ ነው ከፍ ያደረግኸው?"

"ወር ሆነው።"

"ለማን ነገርህ?"

"ላንተ ነዋ፣ አሁን።"

ደሜ ፈላ። ዱቄቱ የሚገባው ከላይ ነው፤ ግፊቱ ሲበረታ ነበልባሉን ሰንጥቆ ወደ ታች ያልፋል። ሥራ አስጀመርሁትና ዓይኑን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረግሁት። የሚቆጠረው ዱቄት ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ሙቀቱ ከሁለት ሺህ አንድ መቶ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ ወረደ። ለካ ሽማግሌው "መሃሉን" ያሉት የዱቄቱን መሃል ኖሯል። እኔ የነበልባሉን መሃል ይዤ ነው የኖርሁት፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ስለነበሩ እስከዛሬ አልታወቀብኝም።

በዚህ ወር ከእጃችን የወጣው አንድ ሳጥን ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ብረት ነበረበት፣ ለየሆስፒታሉ ተከፋፍሏል፤ ሁሉም ላይ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ሰባተኛው የእቴቴ ነው። ያውም "ይሄ አምሮ ወጥቷል" ብዬ ራሴ ነኝ የመረጥሁላት።

ኮሪደር ወጥቼ ደወልሁ። አታነሳም። እንደገና ደወልሁ። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ሲሆን አነሳችው።

"እቴቴ፣ እንዳትገቢ። ትኩሳት አለኝ በያቸው፣ የፈለግሽውን በያቸው።"

"ማሙሽ፣ ምን ሆነሃል? ጋውኑን አልብሰውኛል እኮ።" አርባ ዓመት አልፎኝም ለእሷ ማሙሽ ነኝ።

እየተንተባተብሁ ነገርኋት። ከኋላዋ የጋሪ ጎማ ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል።

"እሺ፣ አልገባም" አለች በመጨረሻ። "ሌሎቹስ?"

"የትኞቹ ሌሎቹ?"

"ሳጥን አይደል ያልኸኝ? እኔ ሳጥን ሙሉ ዳሌ አለኝ እንዴ?"

አፈርሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የእሷን ብቻ አስጥዬ፣ የቀረውን ቀስ ብዬ አስብበታለሁ ብዬ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ያደረግሁትን አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝርዝሩን አውጥተው ብረቶቹ ወደሄዱባቸው ሆስፒታሎች በየተራ ይደውሉ ጀመር።

ሦስቱ ገና ከካርቶናቸው አልወጡም። አራተኛው ላይ ኃላፊው ብዙ አዳመጡ፤ ከዚያ ስልኩን በእጃቸው ሸፈኑት።

"ትናንት ለአንዲት ታካሚ አስገብተውላታል" አሉኝ። "ዛሬ ጠዋት ቆማ ሁለት እርምጃ ተራምዳለች። ደስ ብሏቸው ነው የሚነግሩኝ።"

ስልኩን አቀበሉኝ።

"አንተ ንገራቸው።"