ጠራዡና ጉም የዋጣት አህያ

ሽማግሌው መጽሐፍ ጠራዥ ከሲኒማ ቤት የወጡት ቆሽታቸው አሮ ነው። ኧረ እንዴት አይረር! ልጃቸው ሲያነቡላት ያደገችበት፣ አሁን ደግሞ ለልጅ ልጃቸው ለሚጢ የሚያነቡላት መጽሐፍ ፊልም ሆነ ተብሎ ቢሄዱ ጉድ አዩ። መጽሐፉ ላይ ባለ አንድ ጆሮዋ አህያ ጉም ውስጥ ትገባለች፤ አለቀ። ፊልሙ ላይ ግን ተመልሳ በሩ ላይ አናፋች። ሰዉም አጨበጨበ።

«ፈሪዎች!» አሉ መንገድ ላይ። «መጽሐፉ እኮ ልጅ አያባብልም!»

«አባዬ፣ በናትህ አህያዋን ተዋት» አለች ልጃቸው። እሷ በልጅነቷ «ዛሬም አልተመለሰችም?» እያለች በየቀኑ ስትነዘንዛቸው፣ «አልተመለሰችም፤ ሕይወት እንዲህ ናት» ይሏት ነበር።

ሚጢ ሰኞ ትምህርት ቤት ክፍሉ ፊት ቆማ መጽሐፉንና ፊልሙን ማወዳደር ነበረባት። ሰው ፊት መናገር ሞቷ ነው። አያትየው እሑድን ሙሉ ሲያስጠኗት ዋሉ። «ፊልሙ ፈሪ ነው በያቸው። ቀና ብለሽ!»

ሰኞ ሚጢ ዓይኗ አብጦ መጣች። ቀና ብላ ተናግራለች፤ ክፍሉም በሳቅ አውካክቶባታል። መጽሐፉም ላይ አህያዋ ትመለሳለቻ! አስተማሪዋ እንድታየው ብላ የራሷን ቅጂ ሰጥታታለች።

«ሁለተኛ ሰው ፊት አልቆምም» አለች ሚጢ። «አንተንም አላምንህም።»

«ፊልሙን አይተው የቀጠሉት ነው!» ብለው ቅጂውን ከእጇ ነጠቁ። ምን ዋጋ አለው፣ ቅጂው ከልጃቸው ዕድሜ የሚበልጥ አሮጌ ነው። ከራሳቸው መጽሐፍ ጎን አደረጉት። የአስተማሪዋ በስምንት ገጽ ይበልጣል። ጠራዡ ኩም አሉ።

ያኔ ሥራ ጀማሪ ሳሉ የመጽሐፉ ሽፋን ተገንጥሎ ጠግነውታል። ካርቶኑ ሳስቶባቸው ጠረጴዛው ላይ ካገኙት ቁርጥራጭ ወረቀት ለጥፈው አወፈሩት። ይኸን ሽፋን «ዓለም ቢገለበጥ አይቀደድም» እያሉ ስንቴ ጉራ ነዝተውበታል!

ቢላዋና እርጥብ ጨርቅ አመጡ። ሽፋኑን ሰነጠቁት። ሙጫ ያጠቆራቸው ስምንት ገጾች አንድ በአንድ ተላቀቁ። ልጃቸው የመጨረሻውን ወስዳ እንደቆመች አነበበችው።

«ተመልሳለች» አለች። «ሰባት ዓመቴ ነበር እኮ አባዬ! በየቀኑ ስጠይቅህ እዚሁ ነበረች! ሕይወት እንዲህ ናት ትለኛለህ እንዴ?»

ሽማግሌው ቢላዋውን አስቀመጡት፣ መልሰው አነሱት።

«ነገ ትምህርት ቤት ትመጣለህ» አለች ሚጢ። «ክፍሉ ፊት ቆመህ፣ የጠረዝኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ ትላለህ።»

«ሁሉም ፊት?»

«ሁሉም ፊት።»

«እፈራለሁ፣ ልጄ» አሉ ጠራዡ።

ሚጢ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኔ አስጠናሃለሁ» አለች። «በል ቀና በል።»