የነጋሲ ዛፍ

"ቁረጡት!" አለ ገብረመስቀል። "ድንኳኑ ካልገባ ለቀስተኛው የት ሊቀመጥ ነው?"

ድንኳን ተካዩ ዳባ መጋዙን እንደያዘ አመነታ። የነጋሲ አስከሬን ገና ከቤት አልወጣም። "ጋሼ፣ ማለቴ... ሟቹ እኮ ይሄን ዛፍ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት።"

"የእድሩ እቃ ቤት ኃላፊ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

ዳባ ቆረጠ። ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ከነአበባቸው ወደቁ፤ ከቁርጡም ነጭ ወተት ተንጠባጠበ። ምሰሶው ሁለት ክንድ ወደ አጥሩ ቢጠጋ ዛፉን የሚነካው አልነበረም። ይህን ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ገብረመስቀል ምሰሶውን እዚያው አስተከለ።

ችግኝ የሚሸጡት ፍራንጂፓኒ ይሉታል፤ ካዛንቺስ ግን የነጋሲ ዛፍ ነው የሚለው። ነጋሲ የጭነት መኪና ሹፌር ሳለ አንዲት ብትር ከድሬዳዋ ይዞ መጥቶ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ሥር ተከላት። የቆላ ዛፍ የአዲስ አበባን ክረምት አይችልም ብለው ሲስቁበት፣ በየሐምሌው ላስቲክ እያለበሰ አሥራ አንድ ዓመት አቆያት።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። "እጁ የተባረከ ነበር" አለ አንዱ፣ የተረፈውን ዛፍ እያየ። ገብረመስቀል ንፍሮውን ማላመጥ አቆመ።

የገብረመስቀል ሚስት ምንዳዬ፣ ነጋሲ በሕይወት ሳለ ከአጥሩ ሥር የወደቀ አበባ ለቅማ በብርጭቆ ውሃ ቴሌቪዥኑ ላይ ታስቀምጥ ነበር። "ሽታው እኮ!" ትላለች፣ ዓይኗን ጨፍና። ሠላሳ ዓመት ባሏ ሆኖ ካመጣላት ነገር አንዱንም ዓይኗን ጨፍና አላሸተተችለትም። ቅናት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ያኔ ገብረመስቀል ሄዶ ቅርንጫፍ ለመነ። ነጋሲ ሳይሰስት ቆርጦ ሰጠው። "ቸኩለህ እንዳትተክለው። ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ጥላ ቦታ አስቀምጠው። ከዚያ አሸዋ የበዛበት አፈር ፈልግለት። ቅጠል እስኪያወጣ ውሃ አታብዛበት፣ ሥሩ ይበሰብሳል።"

ውሃ የማይወድ ተክል! እንዳይበቅልልኝ ነው ብሎ ገብረመስቀል በዚያው ቀን ተከለው፣ ጠዋትና ማታም በባልዲ አጠጣው። በወሩ ሲነካው እንደበሰበሰ ሙዝ ተጨፈለቀ። ሦስት ጊዜ ለመነ፣ ሦስት ጊዜ ገደለ። "የታመመውን እየመረጠ ነው የሚሰጠኝ" አላት ለምንዳዬ። ከዚያ ወዲህ ለነጋሲ ሰላምታውንም ቆጠበ።

በሰልስቱ፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ የነጋሲ ሚስት ማሚት ጠራችው። ድምጿ ከለቅሶው ብዛት ተዘግቷል። ከቤቱ ጀርባ ወስዳ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አሳየችው፤ ክንድ የሚያህል ችግኝ ቆሞበታል።

"የእርስዎ ነው፣ ጋሽ ገብሬ።"

"የእኔ?"

"'ገብሬ ይቸኩላል፣ እኔ ላስጀምርለት' ብሎ ነው። ሲያብብ ሊያመጣልዎት ነበር። 'አለዚያ እንዳኮረፈኝ ይሞታል' ይለኝ ነበር።" በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "ማን እንደሚቀድም በምን ይወቀው?"

ገብረመስቀል ከጀሪካኑ አንድ እርምጃ ራቀ። ሰውዬው በአበባ መብለጡ አልበቃ ብሎት በደግነትም በለጠው! ደግሞ ከሞተ ሰው ጋር ምን ፉክክር አለ?

"ማሚት" አለ። "ያ ምሰሶ... ትንሽ ወደ አጥሩ ቢጠጋ ኖሮ..."

"አውቃለሁ።"

ቀና ብሎ አያት።

"የእናቴ ለቅሶ ጊዜ ይሄው ድንኳን እዚሁ ግቢ ተተክሎ ነበር። ዛፉን የነካው የለም። ያስተከሉትም እርስዎ ነበሩ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? አስከሬን አጋድሜ ከእርስዎ ጋር ልጣላ?" ከቤት ሲጠሯት ጥላው ገባች።

ገብረመስቀል ጀሪካኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ችግኙ አምስት ቅጠል ብቻ ነው ያለው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛ የረገጠው አቧራ ሰፍሮበታል። በጋቢው ጫፍ አንዱን ቅጠል ጠረገ። ሁለተኛውን ጠረገ።

"ጋሼ፣ ድንኳኑን እንንቀለው?" ሲል ዳባ ከቤቱ ፊት ለፊት ሆኖ ተጣራ።

ሦስተኛው ቅጠል ላይ ሲደርስ እንደ ለቀስተኛ "ወንድሜን" አለ፣ በቀስታ፣ ለማንም በማይሰማ ድምፅ። ከዚያ አራተኛውን ያዘ።