የሳውል ግራ እጅ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሐበሻ የሚያወራው እንዲህ ነው። የወይዘሮ ሰርካለም ልጅ ዕዝራ፣ ያ አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው ጭምት ልጅ፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረን ሜክሲኳዊ ገጥሞ መሬት ላይ ዘረረው። ሰውየው በኩራቱ እጅ አልሰጥም ብሎ ሲታገል ክንዱ ከክርኑ ተሰበረ። ቪዲዮው አለ፤ ያላየው የለም።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ባለው ጂም የሚወራው ሌላ ነው። ሳውል ቴሃዳ አርባ ዓመት ሞልቶታል፤ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተቀዷል። የዚያን ዕለት ልጁን ሊያስተምር ብሎ ክንዱን ራሱ ሰጠው፣ ለመውጣት ሲሞክር ግን ዘገየ። አደጋ እንጂ ድል አልነበረም። ይህንን የሚለው ራሱ ሳውል ነው። ለጠየቀው ሁሉ “ጥፋቱ የኔ ነው፤ ታፕ ያደረግሁት ዘግይቼ ነው” እያለ ይመልሳል።

ሁለቱም ወሬ እውነት አልነበረም። እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ሳውል፣ ሁለተኛው ዕዝራ።

ታፕ የሚሉት እንዲህ ነው፦ አንገትህ ወይም ክንድህ ተይዞ መውጫ ስታጣ በመዳፍህ የያዘህን ሰው መታ መታ ታደርገዋለህ። በቃኝ ማለት ነው። የያዘህ ሰው ያኔውኑ ይለቅቃል። በልምምድ ላይ ሰው በየቀኑ ክንዱንና አንገቱን ለባልንጀራው የሚያውሰው ይህንን አምኖ ነው። ዕዝራም ከሦስት ዓመት በፊት ሳውል ጂም የገባ ቀን፣ ከቡጢም ከርግጫም በፊት የተማረው መልቀቅን ነበር።

የዚያን ሐሙስ ሳውል አልዘገየም። በግራ እጁ የዕዝራን ጭን ሦስት ጊዜ መታ። ዕዝራ ተሰምቶታል። ከአንድ ሰዓት በፊት ሳውል “ለውድድር ገና ነህ፤ አንድ ዓመት ቆይ” ብሎት ነበር። የዕዝራ ጓደኛ ፍሬአብ ደግሞ ስልኩን ደቅኖ እየቀረጸ ነበር። ዕዝራ አልለቀቀም። አንድ፣ ሁለት ብሎ ለመቁጠር የምትበቃ ጊዜ ናት። ከዚያ እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ።

ፍሬአብ የቆመው በቀኝ በኩል ስለነበረ የሳውል ግራ እጅ በዕዝራ ገላ ተሸፍኖ ቀረ።

ቪዲዮው በሦስት ቀን ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ አልፎ ሌሎቹ የሐበሻ ሰፈሮች፣ ስካይላይንና ስፕሪንግፊልድ፣ ደረሰ።

“ብሮ፣ ፎርቲ ታውዘንድ ቪው ገባ!” አለው ፍሬአብ በስልክ።

“አጥፋው።”

“ምን? ደህና ነህ አንተ? ሰው ይህን አጥቶ ያለቅሳል።”

“አጥፋው አልኩህ እኮ።”

“ሰው ሁሉ ሼር አድርጎት የለም እንዴ? የቱን ነው የማጠፋው?”

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሽ ክፍሉ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁት። የወጣቶች አገልግሎት ኃላፊ ናቸው፤ ስድሳን ተሻግረው እንኳ ከወጣቶቹ ይልቅ የሚጮኹት እርሳቸው ናቸው።

“ዳዊት መጣ! እስቲ ንገረኝ፣ ጎልያድን እንዴት አደረግኸው?”

“ጋሼ፣ ጎልያድ አይደለም። አሠልጣኜ ነው። ድልም አይደለም።”

“ትሕትናውን ተመልከቱልኝ!” አሉ ወደ ሰዉ ዞረው።

“እንግዲህ ጋሽ ክፍሉ፣” አሉ ከኋላ የቆሙ አንዲት እናት፣ “ፓርኪንግ ላይ ሲጣሉ ዕዝራን ይዘው ይሂዱ።”

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እናቱም ሳቀች። ሰርካለም ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ልጇ ስትጠየቅ “ከሥራ ሲወጣ ጂም ይሄዳል” ብላ የምታልፍ ሴት ነበረች፤ ድብድብ መሆኑን ለአንድም ሰው ተናግራ አታውቅም። ዛሬ ግን ቪዲዮውን በስልኳ ይዛ የጎረቤት ሴቶች መሀል ቆማለች። ዕዝራ ፊቷ እንዲህ ሲበራ ያየው ኮሌጅ የጨረሰ ቀን ብቻ ነው።

ያሳፈረው ውዳሴው ብቻ አይደለም። እውነቱን ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር ትሕትና ተብሎ ሌላ ምስጋና ይጨመርለታል። ጥቂት ትንንሽ ልጆች መጥተው ያን አያያዝ አሳየን አሉት። አንዱ ክንዱን ዘርግቶ ሰጠው። ዕዝራ ያችን ቀጭን ክንድ አየና ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ እናቱ የአጥሚት ቴርሞስ አስያዘችው። “የሰው ክንድ ሰብረህ ሳትጠይቀው ልትቀር ነው? ቢሸነፍም ሰው ነው። ለአጥንት ጥሩ ነው በለው።”

ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረው ዊልሰን ድልድይ ላይ ትራፊኩ ቆሞ አርባ ደቂቃ አስቀመጠው። ዕዝራ ግን መንገዱ ባይከፈት ግድ አልነበረውም።

ጎማ ቤቱ የሳውል ሚስት ወንድም ንብረት ነው። ሳውል ቀን እዚያ ይሠራል፤ ማታ ከኋላ ያለውን ጂም ይከፍታል። አሁን ጎማ ማንሳት ስለማይችል ጠረጴዛ አስይዘውት ስልክ ይመልሳል፤ ቀኝ ክንዱ በብረትና በማሰሪያ ተጠፍንጓል። ዕዝራን ሲያይ ተነሣ፤ “ና፣ ሚሆ” አለው። ልጄ ማለቱ ነው በስፓኒሽ። ወደ ጂሙ ገቡና ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

ግድግዳው ላይ ሦስት ፎቶዎች አሉ። በአንደኛው ሳውል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ጓይማስ በምትባል የሜክሲኮ የወደብ ከተማ ከአባቱ ጋር የሽሪምፕ ጀልባ ላይ ቆሟል። በሁለተኛው አፍንጫው ተሰብሮ፣ ሦስተኛ ፍልሚያውን በተከታታይ ተሸንፎ ይስቃል። በሦስተኛው ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ከራሱ በላይ አንሥቷል። ቀበቶው እርሱ ዘንድ የቆየው አሥራ አንድ ወር ነው። ከዚያ ሽንፈት መጣ፣ ጉልበቱ መጣ፣ በመጨረሻም አሌክሳንድሪያ። አባቱ አንዱንም ፍልሚያ አላዩም፤ ልጃቸው ሲፋለም ሁልጊዜ ባሕር ላይ ነበሩ። ለዚህ ነበር ሳውል የስንብት ፍልሚያውን በሚቀጥለው ወር ጓይማስ፣ የቤዝቦል ሜዳው ላይ ሊያደርግ የተዋዋለው። አባቱ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከፊት ወንበር ይዘውላቸው ነበር።

ሳውል ቴርሞሱን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ ክዳኑን በግራ እጁ ከፈተ። ቀመሰው። “አቶሌ!” አለ በመገረም። “እናቴ ጠዋት ጠዋት የምትሠራልን! እናትህ ሜክሲኮ ኖራለች እንዴ?”

“አጥሚት ይባላል። ለአጥንት…” ዕዝራ ቃሉን አልጨረሰውም። “ኮች፣ አልዘገየህም።”

“ዘግይቻለሁ።”

“ሦስት ጊዜ መታኸኝ። ተሰምቶኛል።”

ሳውል አንድ ጊዜ ተጎነጨ። “አውቃለሁ። ክንዱ የኔ አይደል?”

“ታዲያ ለምን ትዋሽልኛለህ?”

“ሃያ አራት ዓመትህ ስለሆነ። ይህ ከወጣ ክንዱን የሚያውስህ ሰው አታገኝም፤ እዚህም ሌላ ጂምም። ከቡጢ መለማመጃው ከረጢት ጋር ብቻህን ትቀራለህ።” ከዚያ በአገጩ ወደ ሦስተኛው ፎቶ አመለከተ። “ያን ፍልሚያ አይተኸዋል?”

“መቶ ጊዜ።”

ያላየው የለም። ኬሲ ብራንት የተባለ ሻምፒዮን በአራተኛው ዙር ክንዱን ለሳውል አስይዞ፣ እጅ አልሰጥም ብሎ አሰበረው። ተንታኞቹ እስከ ዛሬ የሁለት ጀግኖች ምሽት ይሏታል።

“ሁለት ጊዜ መታኝ” አለ ሳውል። “ዳኛው በወዲያ በኩል ነበር። ለቅቄ ዳኛው አላየሁም ቢልስ ብዬ አሰብኩ። ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ ማለት ነው። ያዝኩት።”

ጎማ ቤቱ ውስጥ መፍቻ ሲወድቅ ተሰማ።

“ሰውየው ምንም አላለም?”

“ብሏል። የተሸናፊ ሰበብ ብለው ሳቁበት። ከዚያ ወዲያ ተፋልሞ አያውቅም።”

“እየቆየ ይቀልላል?”

“ትለምደዋለህ።”

“ይቀልላል ወይ ነው ያልኩህ።”

ሳውል ስልኩን አውጥቶ የብራንትን ቁጥር አሳየው። “ዘጠኝ ዓመት። በየዓመቱ በዚያች ቀን አውጥቼ አየዋለሁ። አንዴ ደወልኩለት። ሄሎ ሲል ዘጋሁት።” ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ድምፁንም ቀየረ። “አሁን ስማኝ። የጓይማሱ አዘጋጅ ቪዲዮውን አይቷል። በኔ ቦታ አንተን ይፈልጋል፤ ሻምፒዮኑን የሰበረው ልጅ ብሎ ፖስተር አሠርቷል። ሂድ።”

“አልችልም።”

“አባቴም ጠይቀውኛል። ልጄን ያሸነፈው ልጅ ይምጣና እጁን ልጨብጠው ይላሉ። ቢያንስ አንዳችን እንድረስላቸው፣ ሚሆ።”

ዕዝራ እሺም እንቢም ሳይል ወጣ። ዝምታውን ሳውል እሺ ብሎ ወሰደው፤ ለአዘጋጁም እንደዚያው ነገረው።

የዚያን ሳምንት ዕዝራ ቪዲዮውን ደጋግሞ አየው። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያችን እጅ ሰው ሊያያት ይችል እንደሆነ ማወቅ። ዐርብ ዕለት በምሳ ሰዓት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አገኛት። ከተጋዳዮቹ ኋላ፣ ግድግዳውን የሸፈነው የጂሙ መስታወት ውስጥ፣ ጥፍር የምታህል እጅ ወደ ላይ ወደ ታች ትላለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይህን ሁሉ ሺህ ሰው አይቶ ማንም ልብ አላላትም፤ ሁሉም የሚያየው ዕዝራን ነው። መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። እፎይ ማለቱን ሲያውቅ ምሳውን መልሶ ከደነው።

የጓይማሱ ፖስተር ሲልቨር ስፕሪንግም ደርሶ ነበርና፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ክፍሉ የቤተ ክርስቲያኑን ቫን ሞልተው አሌክሳንድሪያ ድረስ መጡ። “ልጃችንን ሳንጸልይለት ሜክሲኮ አንልክም” ብለው ነበር። ሰርካለም የእሑድ ልብሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። የጂሙ ልጆች በባዶ እግራቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አንዱ የጋሽ ክፍሉን ጫማ በእጁ አመለከተ፤ ምንጣፍ ላይ በጫማ አይወጣም።

“ቅዱስ ስፍራ ነው ማለት ነው?” አሉ ጋሽ ክፍሉ ጫማቸውን እየፈቱ። “ካልሲዬ ቀዳዳ ቢሆን ምን ይውጠኝ ነበር!”

ጸለዩ፤ ለሳውል ክንድም ጸለዩ። ሳውል ወንበሩ ላይ ሆኖ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ፍሬአብ ላፕቶፑን ከፍቶ ቪዲዮውን በነጩ ግድግዳ ላይ ለቀቀው። የስብራቱ ድምፅ ሲመጣ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች አጨበጨቡ። የጂሙ ልጆች አላጨበጨቡም። ሳውል ጣራውን አየ።

“በል፣ ዳዊት፣” አሉ ጋሽ ክፍሉ፣ “ጌታ ያደረገልህን በአጭሩ መስክር።”

ዕዝራ ምንጣፉ መሀል ወጣ። እናቱ ልትቀርጸው ስልኳን አንሥታለች። ሳውል ጭንቅላቱን በቀስታ፣ ለእርሱ ብቻ በሚታይ ሁኔታ ነቀነቀ። አትናገር ነው።

ዕዝራ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን አያቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንገታቸውን ያዋሱት ልጆች ናቸው። ነገ ማንም አያውሰውም። እናቱም እሑድ በዚያ በር ማለፍ አለባት። የሦስተኛውን ፎቶ ምስጢር አይነካም፤ እርሱ የሳውል ነው። የራሱ ግን ዘጠኝ ዓመት ኪሱ ውስጥ ሊኖር አይችልም።

“ጋሼ፣ ዳዊት አይበሉኝ” አለ።

“ትሕትናው…” ብለው ጀመሩ ጋሽ ክፍሉ።

“ትሕትና አይደለም፤ እባክዎ ያስጨርሱኝ። ኮች ታፕ አድርጎ ነበር። በጊዜው። እኔ ተሰምቶኝ እያለ አልለቀቅሁትም።”

ይህንኑ ግድግዳውን ወደተደገፉት የጂሙ ልጆች ዞሮ በእንግሊዝኛ ደገመው። የሰርካለም ስልክ ቀስ ብሎ ወደ ጭኗ ወረደ። ዕዝራ ሊያያት አልደፈረም።

“ልጄ፣” አለች፣ “ምን እያልክ ነው? ቪዲዮው እኮ አለ።”

“አዎ እማዬ፣ አለ።” ፊቱ እስከ ጆሮው ነደደ፤ ድምፁ ግን አልተቆረጠም። “ፍሬአብ፣ ከመጀመሪያው ክፈተው። እኔን አትዩ፤ ከኋላ መስታወቱን እዩ፣ የሳውልን ግራ እጅ ቁጠሩ። ጓይማስ አልሄድም። ለአዘጋጁም የምደውለው እኔ ነኝ፤ ለሳውል አባትም፣ ሄሎ ሲሉ ሳልዘጋ፣ የምነግራቸው እኔው ነኝ።”