ከቁምሳጥኑ እግር ሥር የነበረው ደመና

አንጋጦ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የአየር ጠባይ ጣቢያው ሰዎች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሰማዩን ለስምንት እየከፈለ፣ ደመናው ከስምንቱ ስንቱን እንደያዘ ይጽፋል። ሥራው ይኸው ነው። ዐይኑ ወደ ላይ ስለለመደ መንገድ ላይ የሚያውቀውን ሰው ሳያይ ያልፋል። «ኮራብን» ይሉታል። ይበሉ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ቀና ብሎ መሄድ የተከለከለ ይመስል!

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ኃላፊ መጣ። የአንጋጦ ልጅ ሊሆን የሚችል፣ ክራቫቱ ከአንገቱ የማይወርድ፣ ዲግሪው ከግድግዳው የማይወርድ። በመጣ በወሩ ደመና የምትለካ ማሽን ጣሪያው ላይ አስተከለ። ማሽኗ ወደ ላይ ብርሃን ትልክና ከደመና ነጥሮ ሲመለስላት ከፍታውን ትናገራለች። ጎበዝ ናት፣ ዝቅ ላለው ደመና። ከዚያ በላይ ግን፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ እንፋሎት ውሃ መሆኑን ዘልሎ በቀጥታ በረዶ ይሆንና እንደ ተበጠረ ጥጥ ይዘረጋል። ያ ላባ ደመና ነው፤ ለእሱ ማሽኗ ዕውር ናት።

አንጋጦ «ላባ ደመና፣ ሦስት ስምንተኛ» ብሎ ይጽፋል። ማሽኗ «ጥርት ያለ ሰማይ» ትላለች። ኃላፊው ቀይ እስክሪብቶውን መዝዞ የአንጋጦን ይሰርዛል።

«ዐይንህን ታከም» አለው አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት። አንተ እያለ! የልጅ ልጅ ያየን ሰው!

አንጋጦ የተሰረዘበትን ሁሉ እቤቱ ደብተር ላይ ይገለብጥ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደብተር። ቂም ሆድ ውስጥ ሲቀመጥ ያቆስላል፤ ደብተር ላይ ሲቀመጥ ቢያንስ ቀንና ሰዓት ይኖረዋል።

ሰኞ ዕለት ደብዳቤ ሰጡት። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ጣሪያው ለማሽኗ፣ አንጋጦ ለበሩ። ዘበኛ ሁን ነው በአጭሩ። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰማዩን የቀሙት ያህል ነበር።

ሐሙስ ቀትር ላይ አንዲት ተመራማሪ መጡ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጫማቸው አቧራ የለበሰ ሴት።

«ግራ ገብቶኛል» አሉ ኃላፊውን። «የዚህ ከተማ ሌሊት ከዓመት ዓመት እየሞቀ ነው። ሰማይ ሲጠራ ምድር የቀን ሙቀቷን ወደ ላይ ትሸኝና ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እናንተ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ባብዛኛው ጥርት ያለ ሰማይ ነው የምትልኩልኝ። ታዲያ ሙቀቱን ማን ያዘው?»

«ማሽኗ አትሳሳትም» አለ ኃላፊው። «ዛሬም ይኸው፣ ጥርት ያለ ነው።»

አንጋጦ ከጥግ ሆኖ ሳቀ። አስቦበት አይደለም፣ አመለጠው።

«ምን ያስቅሃል?»

«ዛሬ አምስት ስምንተኛ አለ። ሁለቱ ጠዋት ያለፈው አውሮፕላን የተወው ነጭ ጭራ ነው፣ ተበትኖ ደመና ሆኖ።»

«ሽቅብ ቢተፉ ተመልሶ ባፉ» አለ ኃላፊው።

ሴትዮዋ ግን ዞር ብለው «እስቲ ያሳዩኝ» አሉ።

ያሳዩኝ! ያቺ አንዲት ቃል ሆዱ ገብታ ሞቀችው።

ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከሩ ጥላ ውስጥ አቆማቸው። «ፀሐይዋን በታንከሩ ይከልሏት። አሁን ዙሪያዋን ይዩ።»

በፀሐይዋ ዙሪያ ትልቅ ቀለበት ነበር፣ የውስጥ ጠርዙ ቀላ ያለ።

«ይህን የሚሠራው በረዶ ነው፣ ብርሃኑን እየሰበረ» አለ አንጋጦ። «ደመናዋ ስስ ናት፣ ፀሐይን ታስገባለች። ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ግን ትይዘዋለች። ልክ እንደ አማቴ፤ ግቡ እንጂ ውጡ አታውቅም።»

ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። ተከትሏቸው የወጣው ኃላፊ ዐይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ቀለበቱ አልሄደም።

«ይህን ሁሉ ማን አስተማረዎት?» አሉ ሴትዮዋ።

«ኃላፊው ቢሮውን ሲያጸዱ ከጣሏቸው መጻሕፍት አንዱ።»

«ምነው በየቀኑ መዝግበውት በነበረ!»

«መዝግቤዋለሁ። ቤት ነው ያለው።»

በኃላፊው መኪና ሄዱ፤ አንጋጦ መንገድ ላይ የሰኞውን ደብዳቤ ለሴትዮዋ አሳያቸው። አንጋጦ ከፍራሹ ሥር ሦስት ደብተር አወጣ። «የአምናውስ?» አላት ሚስቱን።

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። «ቁምሳጥኑ ሲወላገድብኝ እግሩ ሥር አደረግሁት! እዚያ ቢሆን ይጠቅማል ብዬ ነዋ!»

ቁምሳጥኑ ሳህንና ብርጭቆ የታጨቀበት ነው። ኃላፊው ኮቱን አውልቆ ትከሻውን አስገባና አነሳው። ደብተሩ ወጣ፤ አንድ ጥግ ላይ ጎድጎድ ብሏል እንጂ ደህና ነው። ሴትዮዋ አልጋው ላይ ተቀምጠው ማገላበጥ ጀመሩ።

«ልልቀቀው?» አለ ኃላፊው፣ ክራቫቱ በላብ እየራሰ።

«ቆይ ልጄ፣ ዕቃዬ ያልቃል!» አለች የቤቲቱ እመቤት።

«ሙሉ መልሱ ባይሆን እንኳ ግማሹ እዚህ አለ» አሉ ሴትዮዋ። «ማሽኗ ታችኛውን ትይ። ላይኛውን ማን ሊያይልኝ ነው? እኚህ ሰው ከጣሪያው ከወረዱ እኔም ሥራዬን ልተው።»

ከቁምሳጥኑ ሥር የታፈነ ድምፅ መጣ። «ደብዳቤውን... ይቅደዱት፣ ጋሼ።»

ጋሼ! አራት ዓመት የፈጀች ቃል።

አንጋጦ ደብዳቤውን ከኪሱ አወጣው። አልቀደደውም። ስምንት ቦታ አጠፈው፣ ተንበረከከና ከቁምሳጥኑ እግር ሥር ሰካው።

«አሁን ልቀቀው፣ ልጄ።»

ሚስቱ ቁምሳጥኑን በጣቷ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። ንቅንቅ አላለም። «ከደብተሩ ይሻላል» አለች።

የዘጠኝ ሰዓቱ ምዝገባ እየደረሰ ነበር። ኃላፊው የመኪናውን በር ከፈተለት። አንጋጦ ሲገባ ሰማዩን እያየ ስለነበር ራሱን ከበሩ ጋር አላተመ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱ ደግሞ ግንባሩን እያሸ ከሁሉም አብልጦ።

«ስድስት ስምንተኛ ደርሷል» አለ።