የቪስኮንቱ የእጅ ውሃ

ጋሼ ዱዋርቴ እህል አልቀምስ ካሉ አምስት ቀናቸው። ነገ ዓርብ ነርሷ መጥታ ትመዝናቸዋለች፤ ኪሏቸው አሁንም ከቀነሰ ነርሲንግ ሆም የሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ መግባታቸው ነው። በዚህ በኮሮና ዘመን እዚያ የገባን ሰው በመስታወት ከማየት በቀር ምን መላ አለ?

ከምትኖርበት ብሌንደን ታውንሺፕ እሳቸው እስካሉበት ጋሃና ከተማ እየነዳች የምታስታምማቸው ሙኒራ ናት። ሰውየው ፖርቱጋላዊ ናቸው፤ ያውም ቪስኮንት። ሙኒራ ነገሩ ባይገባትም ፊታውራሪ ቢጤ መሆን አለበት ብላ ለራሷ ወስናለች። ማዕረጉ ከቅድመ አያታቸው የመጣ ነው፤ በጋሼ ወሬ ቅድመ አያትየው በጦር ሜዳ አንድ ቀን ሠላሳ ሰው ይገድላሉ፣ ሌላ ቀን ስልሳ። ጋሼ ደስ ካላቸው ቁጥሩ ያድጋል። ሙኒራ ይህን ግትር ሽማግሌ መቼ እንደወደደቻቸው አታውቀውም።

ሐሙስ ከሰዓት በረዶው ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ሾርባውን አቀረበችና ሳኒታይዘሩን አነሳች። ጋሼ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቁ። ያኔ ነው የታያት፤ ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ ሰው ሳታስታጥብ ስታበላ ኖራለች። እናቷ ብትሰማ ጉድ ነበር። አፈረች። ለብ ያለ ውሃ በጆግ፣ ጎድጓዳ ሳህን በእጇ፣ ፎጣ በትከሻዋ ይዛ መጣችና ጎንበስ ብላ አፈሰሰችላቸው።

ውሃው በጣቶቻቸው መሃል ሲወርድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከላይ የሚያልፈው አውሮፕላን እንኳ ከሩቅ እንደሚሰማ ወንዝ ሆነ።

«ያኔ የአገራችን ንጉሥ ልጃቸው ሞቶባቸው እህል አልቀመሱም» አሉ ቀስ ብለው። «ቅድመ አያቴ እንዲህ ጎንበስ ብሎ አስታጠባቸው። ንጉሡም እህል ቀመሱ።»

«ጦርነቱስ ጋሼ?»

«ጦርነት የሚባል አልነበረም። ቅድመ አያቴ የንጉሡ የቤት አሽከር ነበር። ማዕረጉን ያገኘው ለዚያች ውሃ ነው። እኛ ልጆቹ አፈርንበትና ጦርነት ፈጠርንለት።»

ሙኒራ ንጉሡን በዓይነ ሕሊናዋ አየቻቸው። እዚሁ ጋሃና፣ መስኮቱ ሥር፣ ጢማቸው ላይ በረዶ እንዳለ እጃቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

ማንኪያውን ልታነሳ ስትል ጋሼ ጆጉን ወሰዱባት።

«አንቺም ታጠቢ።»

ሲያስታጥቧት ግማሹ ውሃ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ሙኒራ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር፤ ጋሼ እንደቀዘቀዘ ጨረሱት።

በማግስቱ ነርሷ መዝናቸው፣ «ብዙም አልቀነሱም፤ መብላት ከጀመሩ እዚሁ ይቆዩ» አለች። ጋሼ ዱዋርቴ አልሰሟትም። እጃቸውን ዘርግተው ውሃውን እየጠበቁ ነበር።