መረብ ያጠበችው ሙሽራ

አሪፋ ከጅዳ ተመልሳ ሐይቅ ዳር የሚኖረውን ዓሣ አስጋሪ ሀሚዱን ካገባች ገና ወሯ ነው። ቤታቸው አንድ ክፍል ስለሆነ የዓሣ መረቡም የሚያድረው ከአልጋው ግርጌ ነበር። ሽታው ልብሷ ውስጥ ሳይቀር ገባ።

አንድ ቀን ሀሚዱ ለጁምዓ ሲሄድ፣ መረቡን በረኪና በገባበት ውሃ ዘፈዘፈችው። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስታጸዳ በረኪና ያቃተው ሽታ አላጋጠማትም። ሀሚዱ ተመልሶ መረቡን ሲያነሳው ግን ያረጀው ክር እጁ ላይ ብጥስ አለ።

"ያ ረቢ! እንጀራህን አበላሸሁት!" ብላ አሪፋ ማልቀስ ጀመረች።

"አብሽሪ" አላት ሀሚዱ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ዓሣውን ካወጣሁ በኋላ መረቡን ሳላጥበው ነው የምጠቀልለው። አባቴ በሕይወት ቢኖር አይምረኝም ነበር።"

በማግስቱ የተበጠሰውን አብረው ሲቀጥሉ ዋሉ፤ እጇ ከሱ ይልቅ ፈጣን ሆነ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ትጠብቀዋለች። የዓሣው ቅርፊትና የሐይቁ ሣር መረቡ ላይ ሳይደርቅ ይለቅሙታል፤ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቀልቁታል።

"ፀሐይም እንደ በረኪናሽ ክር ይበላል" ብሎ ሲነግራት፣ ነፋስ የሚገባበት ጥላ ፈልጋ ገመድ ወጠረችለት።

አንድ ከሰዓት ጎረቤታቸው እትዬ ጸዳለ ሊጠይቋቸው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቤቱን ቃኘት፣ አየሩን አሽተት አሽተት ካደረጉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ልጄ፣ ሀሚዱ ማስገሩን ተወው እንዴ?" አሏት።

ባልና ሚስቱ ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።