ከጃፓን የመጣ ሽምግልና

ልጄ ሮዳስ ለስልክ እጅ መንሳት የጀመረች ሰሞን የሆነ ነገር ለክፏት መስሎኝ ጠበል ልወስዳት አስቤ ነበር። ከምግብ ቤቴ ጓሮ፣ ከውኃው በርሜል አጠገብ ትቆማለች። ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወገቧን ሰበር ታደርጋለች፣ ቀና ትላለች፣ እንደገና ሰበር። "ምንሽን ነው ያመመሽ?" ብላት "እማዬ፣ ጃፓንኛ እያጠናሁ ነው" አለችኝ።

"ቋንቋ የሚጠናው በአፍ ነው በወገብ?"

"የእነሱ በሁለቱም ነው" አለች። ሳቅ አላለችም። ምንም ነገር ስታጠና ሳቅ አትልም፣ በዚህ አባቷን ትመስላለች።

እኔ እታለማሁ እባላለሁ። ከጎጃም ተነስቼ እዚህ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል ከከተምኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ኃይለማርያም የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ሮዳስ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ እሱ ሞተ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለታችን ነን። በዚህ ከተማ ለመኖር አራት ቋንቋ ያስፈልጋል። ለከብት ነጋዴው ኦሮምኛ፣ ለፖሊሱ ስዋሂሊ፣ ለወረቀቱ እንግሊዝኛ፣ ለመቆጣት ደግሞ አማርኛ። አምስተኛው ምን ሊያደርግላት ነው ስል ነበር።

ነገሩ የመጣው ከሀምዳን ሱቅ ነው። ሀምዳን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ፊልም በሜሞሪ ካርድ እየጫነ የሚሸጥ ልጅ ነው። ሮዳስ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ፣ ለኮሌጅ የሚበቃ ነጥብ አጥታ ቤት ስትውል፣ እሱ ዘንድ እየሄደች የጃፓን ካርቱን ታስጭን ጀመር። መጀመሪያ የወደደችው ሰይፍ ይዘው የሚጯጯሁ ጎረምሶች ያሉበትን ነው። እንደነሱ ጉሮሮዋን እየሞረደች ታወራ ነበር። በኋላ ኢንተርኔት ላይ አንዲት አስተማሪ "በዚህ አነጋገርሽ አዛውንት ብታናግሪ ከቤት ያስወጡሻል" ብላ አስደነገጠቻት። ከዚያ ጎረምሶቹን ትታ ዳቦ ቤት የምትሠራ የአንዲት ልጅ ታሪክ ያዘች። ልጅቷ ደንበኛ በገባ ቁጥር ታጎነብሳለች፣ ዕቃ ስትሰጥ በሁለት እጇ ነው። የእኔዋም እንደዚያው ሆነች።

አንድ ቀን ሁካ የሚባለው የቦረና ከብት ነጋዴ ሻይ ሊጠጣ ሲገባ፣ ሮዳስ እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችና "ኢራሻይማሴ" አለችው። ሁካ በሩ ላይ ቀረ። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፣ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚለው።

"እታለማሁ፣ ልጅህ ምን አለኝ? ሰደበኝ?"

"እንኳን ደህና መጣህ ነው ያለችህ።"

"በምን ቋንቋ?"

"በጃፓን።"

ሁካ ትንሽ አሰበና "ጃፓን ሰው ያከብራል ማለት ነው" ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያንን ቃል ካልሰማ አይገባም ነበር። ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ በልጄ ሲስቅ ሳይሆን እውነት ፈልጎት።

እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት። ማታ ማታ ወንበሩን ሰቅለን በሩን ስንዘጋ "ኦትሱካሬሳማ" ትለኝ ነበር። ድካምሽን አይቻለሁ እንደማለት ነው አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ስደክም እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ፊቴን አዙሬ ነው የሰማኋት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የግብዣቸው ነገር ነው። አንድ ከሰዓት ስልኩን አስጠግታ ካርቱኑን እያሳየችኝ "እይ እማዬ፣ ስጦታ ሲሰጧቸው መጀመሪያ አይ፣ አይገባኝም ይላሉ። ሰጪው ሲለምናቸው ነው የሚቀበሉት" አለች።

"እንግዲያስ እንደኛው ናቸዋ።"

"በሞቴ የሚሉት ነገር ብቻ የላቸውም።"

"እሱንም ይማሩታል" አልኩ። ይሉኝታ ያለው ሕዝብ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ። ልጄ የምትሄደው ባለጌ አገር አይደለም ብዬ።

መሄድ የሚለው ነገር በዚያን ጊዜ ተጀምሮ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ ጄምስ የሚባል ሠራተኛ ወደ ጃፓን የሚልክ ሰው አለ። በሰሜን ጃፓን፣ በረዶ በሚበዛበት ትንሽ ከተማ፣ አዛውንት የሚጦሩበት ቤት በየዓመቱ አንድ ልጅ ከዚህ ይወስዳል። እያስተማሩ ያሠራሉ። ሮዳስ ናይሮቢ ወርዳ የቋንቋውን ፈተና ተፈተነች፣ አለፈች። የቀረው ከቤቱ ኃላፊ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ብቻ ነው። ልጄ አንድን ነገር እንዲህ ስትፈልግ አይቻት አላውቅም። እህል አይወርድላትም ነበር። ሽንኩርት እየላጠች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ሳህን እያጠበች ይንቀሳቀሳል።

እውነቱን ልናገር። እንድትሄድ እፈልግ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ እዚህ ብትቀር ወይ የእኔን ድስት ትወርሳለች ወይ አንዱ ሾፌር ያገባታል። እንዳትሄድም እፈልግ ነበር። ሁለቱንም በእኩል እፈልግ ነበርና ለማንም አልተናገርኩም።

ቀኑ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። መኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀልን፣ ስልኩን የምስር ጣሳ ላይ አቆምን። ምግብ ቤቱን ለአንድ ሰዓት ዘጋሁት። ሴትየዋ ብቅ አለች፣ ፀጉሯ ነጭ፣ ፊቷ ደግ። ሮዳስ ጎንበስ ብላ ጀመረች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ሴትየዋ ግን ሁለት ጊዜ አፏን በእጇ ሸፍና ስቃለች። ልጄ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታየኛል።

ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ሮዳስ ወደ እኔ ዞረች። "እናትሽን ሰላም ልበላት ነው የምትለው" አለች። ነጠላዬን አስተካክዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ አየችኝና አጎነበሰች፣ የስልኩ መስታወት በነጭ ፀጉር እስኪሞላ። ጎንበስ እንዳለች ቆየች። ቀና ስትል ቀስ ብላ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

ሮዳስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "እንድመጣ ፈልጋለች። ልጅዎን በአደራ ይስጡኝ፣ እንደ ልጄ እይዛታለሁ ነው የምትልሽ።"

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። ኃይለማርያም ሽማግሌ የላከ ጊዜ የሰማሁት ነው። ከጓዳ ተደብቄ እሰማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቆመው ልጅዎን ይስጡን ሲሉ አባቴ "ልጄ ገና ናት፣ ሙያ የላትም፣ አይሆንም" ብሎ መለሳቸው። እናቴ ያኔ ለድግሱ የሚሆነውን ገብስ ማስለቀም ጀምራለች። ሦስት እሑድ ተመላለሱ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለባት ልጅ ቤተሰቧ የጠላት ትመስላለች፣ እንዲህ ያለችውን ደግሞ የወሰዳት ሁሉ ይንቃታል። ልጄን ውቅያኖስ ማዶ ለማላውቀው ሰው ስሰጥ የተናቀች ሆና እንድትሄድ አልፈለግሁም። የዚያን ጊዜ ያሰብኩት ይህን ነው፣ ወይም ይህን ያሰብኩ መስሎኛል።

"እንዲህ በያት" አልኩ። "ልጄ ገና ናት። እንኳን አዛውንት ልትጦር ራሷንም አልቻለች። ያለችኝም እሷ ብቻ ናት። ስለ አክብሮትዎ አመሰግናለሁ፣ ግን አይሆንም።"

ሮዳስ አየችኝ። "እንደዚያው ልበላት?"

"እንደዚያው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ይባላል እንዴ? ደግመው ይጠይቁን።"

ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት ለቀቅ አለ። ካርቱኑ ውስጥም ያየችው ይህንኑ ነውና አመነችኝ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዐይኗን ሰብራ፣ በዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ በርሜል አጠገብ ባጠናችው ቋንቋ መለሰችላት። እንደ ቅኔ ነበር፣ አይቸኩልም፣ አይደናቀፍም። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እኔን አየች፣ ዐይኔን አየች። እኔም እንደ አባቴ አገጬን ቀና አድርጌ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝግ ብላ ተናገረች።

"ይቅርታ እየጠየቀችሽ ነው" አለች ሮዳስ። "የእናት ልብ ሳላስብ ጠየቅሁ፣ አፍሬያለሁ አለች።"

"ጨዋ ናት። መቼ እንደምትደውል ጠይቂያት።"

"እንዴት ይጠየቃል እማዬ? ነውር ነው።"

እውነቷን ነው አልኩ። ሴትየዋ እንደገና አጎነበሰች፣ እኛም አጎነበስን፣ ስልኩ ጠፋ። የዚያን ቀን ሁለታችንም ደስተኞች ነበርን። ሮዳስ ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች።

ሳምንቱን በዝግጅት አሳለፍኩት። ለሁለተኛው ጥያቄ "ዘመድ ላማክር" እላለሁ፣ ለሦስተኛው "እግዚአብሔር ይባርካት" እላለሁ። ገበያ ወርጄ ወፍራም ሹራብ ሳይቀር ገዝቼላት ሣጥን ውስጥ ደበቅሁት። ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም እንሮጣለን፣ ሀምዳን ወይ አንዱ ዕቃ አቅራቢ ይሆናል።

በዘጠነኛው ቀን ጄምስ ደወለ። ከምድጃው አጠገብ ነበርኩና ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት።

"ማማ ሮዳስ፣ ፖሌ ሳና" አለኝ። በስዋሂሊ በጣም አዝናለሁ ማለት ነው፣ እዚህ አገር ሰው ሲሞትም የሚባለው ይኸው ነው። "ቦታውን የኤልዶሬት ከተማ ልጅ ወሰደችው።"

"እንዴት ትወስደዋለች? እኛ እሺ ልንል ነበር እኮ።"

"እምቢ ብላችኋል።"

"የመጀመሪያ ቀን ነዋ፣ ጄምስ። ልጅ ስትጠየቅ የመጀመሪያ ቀን እምቢ ነው የሚባለው።"

ያን ጊዜ ሴትየዋ የጻፈችለትን አነበበልኝ። እናትየዋ በራሳቸው አንደበት አይሆንም ብለውኛል፣ ራሳቸውንም ነቅንቀውልኛል፣ ለአንዲት እናት ካለኝ አክብሮት የተነሳ ሁለተኛ በራቸውን አላንኳኳም። ልጅቷን አመስግኑልኝ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ባማረ ቋንቋ እምቢ ያለኝ ሰው የለም።

"አስረዳልኝ" አልኩት። "ለምነህ አስረዳልኝ።"

"አስረድቻለሁ። የኤልዶሬቷ ፈርማለች። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከሌላ አገር ነው የምንወስደው ብለዋል።"

ሮዳስ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ስዋሂሊ ከእኔ ይልቅ ትሰማለች፣ መተርጎም አላስፈለገኝም። በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይጮህ ተጠንቅቃ።

ምነው አልቅሳ በጮኸችብኝ። አላለቀሰችም፣ እኔ ፊት። ሥራዋን ትሠራለች፣ ስጠራት "አቤት" ትላለች። ሀምዳን አዲስ መጥቷል ብሎ የላከባትን ካርድ ሳትከፍት መለሰችለት። ሁካ እንደ ልማዱ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ "ግባ ሁካ" አለችው፣ በቃ። ሁካ ወደ እኔ ዞሮ "ልጅህ ታሟል?" አለኝ። ሻዩን ቀድቼ ሰጠሁት። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። ጨው አበዛሽ እላታለሁ፣ ወለሉን አላጠብሽም እላታለሁ፣ እንድትመልስልኝ ብዬ። "እሺ እማዬ" ብላ ታጥበዋለች።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆንን። አንድ ከሰዓት፣ ነፋሱ አቧራ እየነዳ ደንበኛ የራቀን ቀን፣ ምስር ስትለቅም ከፊቷ ተቀመጥኩ። ሣጥኑ ውስጥ የደበቅሁትን ሹራብ አምጥቼ ጉልበቷ ላይ ጣልኩት።

"ስደቢኝ" አልኳት። "በፈለግሽው ቋንቋ ስደቢኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ባህል ነው ብዬ ነው፣ የተናቅሽ እንዳትሆኚ ብዬ። እንደሚጠይቁ እርግጠኛ ነበርኩ።"

ሹራቡን ዳሰሰችው። አላነሳችውም። "እኔም እርግጠኛ ነበርኩ" አለች። "አንቺን ብቻ አይደለም የምወቅሰው።" ከዚያ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። "አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ሁለተኛ እንደማይጠይቁ ብታውቂ ኖሮ፣ ያን ቀን እሺ ትያቸው ነበር?"

ቁጣ አልነበረባትም። ማወቅ ነው የፈለገችው።

እንዴታ ልል አፌን ከፈትኩ። የመጣብኝ ግን ሌላ ነው። በሩን ብቻዬን ስዘጋ፣ ወንበሩን ብቻዬን ስሰቅል፣ ሌሊት ስነቃ ከማዶ አልጋ ትንፋሽ ሳልሰማ ታየኝ። አንድ አፍታ ነው የዘገየሁት፣ ልጄ ግን የሰው ፊት ማንበብ ሁለት ዓመት ያጠናች ልጅ ናት።

"ገባኝ፣ እማዬ" አለች።

ሹራቡን በጥንቃቄ አጣጥፋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። ውጭ አንድ ሾፌር ሻይ እያለ ይጣራ ነበርና ትሪውን አንስታ ወጣች። እሺ እል ነበር ያልኩት እሷ ከወጣች በኋላ ነው።